በሰው ሚሞሪ ውስጥ ያለው የባጫ ድምፅ

ጀዋሂር አልኮል በነካ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ በስልኩ የድምፅ ማውጫ ቀዳዳዎች ውስጥ የደረቀውን ደም እያወጣች ነበር። ደም እንደ ጭቃ አይደለም። ጭቃ ከደረቀ ተፈርፍሮ ይወድቃል፤ ደም ግን እርጥበት ሲነካው እንደገና ይቀላና ጣት ላይ ይጣበቃል። ይህን ያወቀችው ሳትፈልግ ነው። ከኅዳር ወዲህ እንዲህ ሆኖ ጠረጴዛዋ ላይ ሲቀመጥ ይህ አራተኛው ስልክ ነበር።

ባለቤቱ ባጫ ነው። እናቱ አዴ ወርቅቱ ፊት ለፊቷ በፕላስቲክ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ብሩሹ በሄደ ቁጥር በዓይናቸው ይከተሉታል። አዴ ወርቅቱ ከገፈርሳ በኩል ቅቤና አይብ እያመጡ ቡራዩ ገበያ የሚሸጡ ሴት ናቸው። ጀዋሂር ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃቸዋለች። አባቷ ከስልጤ መጥቶ በዚያው ገበያ ጨርቅ ይሸጥ ስለነበር፣ መደባቸው ጎን ለጎን ነበር። ጀዋሂር ኦሮምኛን የተማረችው አዴ ወርቅቱ ከደንበኛ ጋር ሲከራከሩ እየሰማች ነው። ካደገች በኋላ መርካቶ አጎቷ ዘንድ ሁለት ዓመት ካውያ ይዛ ሞባይል መጠገን ተማረች፤ ከዚያ ቡራዩ ተመልሳ ከባሏ ከየህያ ጋር ገበያው ጫፍ ላይ ሱቅ ከፈተች። እሷ ከኋላ ትጠግናለች፣ የህያ ከፊት ሽፋን ይሸጣል፣ ለደንበኛም ሚሞሪ ላይ ዘፈን ይጭናል።

ባጫ ከተገደለ ያን ቀን ስምንተኛው ነበር። ዘመኑ ሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነው። ከተማውን የሚያሰፋው ማስተር ፕላን የገበሬውን መሬት ሊወስድ ነው ተብሎ ወጣቱ ከየትምህርት ቤቱ ወጥቶ መንገድ ዘጋ። ጎማ ተቃጠለ። ሲሚንቶ የጫነ መኪና አስቆሙና ሾፌሩን በእግሩ ጎትተው አውርደው ጭንቅላቱን በድንጋይ ፈነከቱት፤ ሰውየው ዓይኑ በደም ተሸፍኖ «ልጆች አሉኝ» እያለ በእንብርክኩ ሲሄድ ያዩ አሉ። ከዚያ ወታደሮች መጡ። ባጫ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ድንጋይ አልወረወረም፣ ስልኩን አንሥቶ ይቀርጽ ነበር። ሾፌሩንም ቀረጸ፣ ወታደሮቹንም ቀረጸ። ጥይቱ አንገቱ ላይ አገኘው። ስልኩን ኪሱ ከትቶ ሁለት እርምጃ ሄዶ ወደቀ። ከወደቀ በኋላም አንዱ ደረቱን በሰደፍ መታው፤ የስልኩ መስታወት የተሰነጠቀው ያኔ ነው፣ የሚሞሪ ማስገቢያውም የተጨፈለቀው ያኔ ነው። እናቱ ስልኩን ያገኙት አስከሬኑ ሲገነዝ ከሸሚዙ ኪስ ነው። ሸሚዙ ከደረቱ ጋር ተጣብቆ ስለነበር በመቀስ ቀደው አወጡት።

«ነገ ስንት ሰዓት ነው ያሉዎት?» አለች ጀዋሂር።

«በሦስት ሰዓት። ስልኩን አምጪና ልጅሽን ውሰጂ አለኝ አዛዡ።»

ልጅ የተባለው ዲኖ ነው፣ የባጫ ታናሽ፣ አሥራ ስድስት ዓመቱ። ሰኞ ዕለት ከቤት ነው የወሰዱት። ባጫ ሲቀርጽ ያየ ሰው ጠቁሞ ነበርና፣ ስልኩን ፍለጋ መጥተው ሲያጡት ዲኖን ይዘው ሄዱ።

«አይተውታል?»

«አሳዩኝ። አንድ ዓይኑ የለም።»

«የለም ማለት?»

«አብጦ ተደፍኗል። ከሥሩ ይኑር አይኑር በምን አውቃለሁ?»

የህያ የጁምዓ ሶላት ሰግዶ መመለሱ ነበር። ነገሩን ከፊት ሆኖ ሰምቶት ኖሮ አንገቱን በመጋረጃው አስገባ።

«ሪሴት አድርጊውና ይስጧቸው። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።»

«የሰበታውን ልጅ ረሳኸው?»

የህያ አልረሳውም። የሰበታው ልጅ በኅዳር መጥቶ «ሁሉንም አጥፊልኝ» ያለ ተማሪ ነው። አጠፋችለት። መንገድ ላይ ለፍተሻ አስቆሙት፤ ስልኩን ሲከፍቱት አንድ ፎቶ የለም፣ አንድ ቁጥር የለም። «እናትህም ስልክ የላትም?» አሉትና ጣቶቹን የመኪና በር ውስጥ አድርገው በሩን ዘጉት። ከአሥር ቀን በኋላ እጁን በፋሻ ጠቅልሎ ሱቋ መጣ። ሊጣላት መስሏት ነበር። እሱ ግን፦ «እህቴ፣ ለሌላ ሰው ስትሠሪ ትንሽ ነገር ተይበት» ብሏት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ጀዋሂር ለማንም ባዶ ስልክ ሰጥታ አታውቅም። ካጠፋች በኋላ መልሳ ታለብሰዋለች፦ የበዓል ፎቶ፣ የኳስ ተጫዋች፣ የዘመድ ቁጥር፣ አሥር ዘፈን።

«የፈለግሽውን አጥፊ» አሉ አዴ ወርቅቱ። «ድምፁን ግን ተይልኝ።»

«የቱን ድምፅ?»

«የሚያነብበትን።»

ጀዋሂር ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ከፈተችው። ባጫ ጠዋት ይማራል፣ ከሰዓት በኋላ ለግንባታ አሸዋ ይጭናል። ማጥኛ ጊዜ ስለሌለው፣ ሲነጋጋ ተነሥቶ ከመጽሐፉ የባዮሎጂውን፣ የታሪኩን፣ የጂኦግራፊውን እያነበበ ድምፁን ይቀዳል፤ አሸዋ ሲጭን ያንን ያዳምጣል። እንግሊዝኛውን ያነብና በኦሮምኛ ለራሱ ያስረዳል። ሳይገባው ሲቀር ራሱን ይሰድባል፦ «አንተ ደደብ፣ ቅጠል እኮ ነው፣ ቅጠል አይተህ አታውቅም?» ይላል። ከዚያ ከሩቅ የአዴ ወርቅቱ ጥሪ ይሰማል፤ ላሟ አጥር ጥሳለች፣ ወይም ውኃ አልቋል። እሱም ንባቡን አቋርጦ «ኤዬ ሃርሜ፣ ዱፌ» ይላል። እሺ እማዬ፣ መጣሁ ማለቱ ነው። ኮቴው ይሰማል፣ በር ይንጓጓል፣ ከዚያ ባዶው ክፍል ዝም ብሎ ይቀዳል፤ እስኪመለስ።

እንዲህ ያለ ቅጂ መቶ ሠላሳ ሰባት ነበር።

ጀዋሂር ማዳመጫውን አውልቃ የህያን ጠራችው። ችግሩ ቦታ ነው። የሱቁ ኮምፒውተር ያረጀ ነው፤ ሀርድ ዲስኩ በፊልምና በዘፈን ተሞልቶ ለአንድ ሰርግ ፎቶ የሚሆን ቦታ አልነበረውም። ኢንተርኔት ከተቋረጠ ሳምንቱ ነው፤ እዚያ ሰቅሎ ማስቀመጥም አይቻልም። ፍላሽና ትልልቅ ሚሞሪ የሚመጣው ከመርካቶ ነው፣ መንገዱም ተዘግቷል። በመስታወቱ ሣጥን ውስጥ የቀረችው አንዲት ባለ ሁለት ጊጋ ሚሞሪ ብቻ ናት። በቪዲዮ የሞላውን የባጫን ስልክ በሙሉ ማትረፍ አይሆንም። ቪዲዮው ይቅር። ድምፁ ግን አንዱ ሚሞሪው ላይ፣ ሌላው ኮምፒውተሩ ላይ፣ ሁለት ቦታ መቀመጥ አለበት፤ አንድ ቦታ ብቻ ያለ ነገር የለም እንደማለት ነው ብሎ አስተምሯታል አጎቷ።

«ከኮምፒውተሩ ምን ይውጣ?» አለች።

«የሕንዶቹን ፊልም አትንኪ። ሰው ለእነሱ ነው የሚመጣው።»

ጣቷን አንድ ትልቅ ፋይል ላይ አደረገች።

«ሰርጋችንን?»

«ሲዲው አለ።»

«ሲዲው ተጫጭሮ አይሠራም፣ ራስሽ ነሽ ያልሽኝ።»

«እኔ አስታውሰዋለሁ። የምትረሳው አንተ ነህ፤ ለአንተ ብዬ ነው ያስቀመጥኩት።»

የህያ ሊስቅ አለና አዴ ወርቅቱን አይቶ ተወው። «አጥፊው» አለ። «ያኔ ቀጭን ነበርኩ። ሰው የያኔውንና የአሁኑን እያየ ከሚያዝንልሽ።»

አጠፋችው። ከዚያ ስልኩን በኬብል ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝታ ድምፆቹን መቅዳት ጀመረች። የስልኩ ቀዳዳ ከምቱ ወዲህ ላልቶ ስለነበር፣ ኬብሉን በአውራ ጣቷ ገፍታ ካልያዘችው ይቋረጣል፤ ከተቋረጠም ከመጀመሪያው ይጀምራል። ኮምፒውተሩ «አርባ ደቂቃ» አለ። ጣቷን ሳታነሣ ተቀመጠች።

ሃያው ደቂቃ ላይ ተኩስ ተሰማ። መጀመሪያ ከዋናው መንገድ፣ ከዚያ ከገበያው ውስጥ። ሰው መሮጥ ጀመረ። የህያ የብረት መዝጊያውን ስቦ አወረደው። ጨለማ ውስጥ የኮምፒውተሩ ብርሃን ብቻ ቀረ።

አንድ ሰው እየሮጠ መጥቶ ከመዝጊያው ጋር ተላተመ። «ክፈቱልኝ» አለ። ድምፁ የጎልማሳ ነው። «ስለ አላህ፣ ስለ ማርያም፣ ክፈቱልኝ።»

የህያ ተነሣ። ገና እጁ መቆለፊያው ላይ ሳይደርስ የቦት ጫማ ኮቴ ደረሰ፤ ዱላው ወረደ። መዝጊያው ቀጭን ቆርቆሮ ስለሆነ ሰውየው በተመታ ቁጥር ወደ ውስጥ ይጎብጥ ነበር። ሰውየው መጀመሪያ ጮኸ፣ ከዚያ ቆጠረ፤ ለምን እንደሆነ አይታወቅም፣ እያንዳንዱን ምት «አንድ፣ ሁለት» እያለ ቆጠረ። ዘጠኝ ላይ ዝም አለ። ከመዝጊያው ሥር ደም ገባ፤ ቀስ ብሎ፣ የሲሚንቶውን ስንጥቅ ተከትሎ።

አዴ ወርቅቱ በሁለት እጃቸው ጆሯቸውን ይዘው ነበር። ጀዋሂር ግን ጣቷን ከኬብሉ አላነሣችም። ብትነሣ ለሰውየው ምንም እንደማትፈይድ ታውቃለች፤ እንደዚያም ሆኖ አለመነሣቷ እስከ ዛሬ ያማታል። «ሌላ ሰው ሲሞት ፐርሰንት እቆጥር ነበር» ትላለች።

ፀጥ ሲል የህያ መዝጊያውን ከፍ አደረገው። ሰውየው የለም፤ ጎትተው ወስደውታል። አንድ እግር ጫማና ሁለት ጥርስ ቀርቷል። የህያ ባልዲ ይዞ ደጁን ሊያጥብ ወጣ።

ጀዋሂር ድምፆቹ በሙሉ ከገቡ በኋላ እንዲሸሸጉ ስማቸውን ለወጠች። ኮምፒውተሩ ላይ «ምርጥ» የሚባል ሁለት ሺህ ያህል ዘፈን ያለበት ፎልደር አለ። መቶ ሠላሳ ሰባቱን የባጫ ቅጂ በቁጥር ብቻ ሰይማ እዚያ ውስጥ በየመሃሉ በተነቻቸው። ሁለት ሺህ ዘፈን ማንም ቁጭ ብሎ አይሰማም ብላ ነው። ለአዴ ወርቅቱ ሚሞሪም እንዲሁ አደረገች፦ ከፊት ሠላሳ ዘፈን፣ ከሥር የባጫ ድምፅ፤ የሚፈትሽ ሰው አንድ ሁለቱን ሰምቶ ይተወዋል። የህያ ደሙን ሲያጥብ ስለነበር ይህን አላየም፤ እሷም ልትነግረው ረሳች።

ከዚያ ስልኩን ሪሴት አደረገችው። መስታወቱ ጠቆረ፤ ቆይቶ በራና ቋንቋ ምረጥ አለ።

«አሁን ምንም የለውም?» አሉ አዴ ወርቅቱ።

«ምንም።»

«ጊደሯን ሸጬ የገዛሁለት ቀን እንዲህ ነበር። ‹ሃርሜ፣ ምንም የለውም፣ ባዶ ነው› ብሎ ደስ ብሎት ነበር።»

ጀዋሂር የስልኩን ቀን ወደ መስከረም መለሰችው፤ የምታስገባው ነገር ሁሉ ዛሬ የገባ እንዳይመስል። ከዚያ ከማጥፋቷ በፊት ለይታ ያስቀረችውን መልሳ አለበሰችው፦ ባጫ በእሬቻ የተነሣውን ፎቶ፣ የትምህርት ቤቱን ኳስ ቡድን፣ ላሟን፣ ሠላሳ አንድ ስልክ ቁጥር፣ ጥቂት ዘፈን። ሲያልቅ የማንኛውም ወጣት ስልክ መሰለ። አዴ ወርቅቱ ሚሞሪዋን በነጠላቸው ጥለት ጫፍ ቋጥረው ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት ጀዋሂር አብራቸው ሄደች። እሳቸው ስልኩን መክፈት አይችሉም፤ የህያ ልሂድ ቢልም ወንድ ከገባ አይወጣም ብላ ከለከለችው። ዲኖን የያዙት ሰዎች በገፈርሳ መንገድ ዳር አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ ነበር የሰፈሩት። በር ላይ ሴት ፈታሽ ቆማ ነበር፤ የአዴ ወርቅቱን ነጠላ ስትዳስስ ቋጠሮውን አገኘችው። ሚሞሪዋን አዛዡ ጠረጴዛ ላይ አኖረችለት።

አዛዡ ወጣት ነው፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው። መጀመሪያ ስልኩን ያዘ። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየ፣ ቁጥሮቹን አነበበ፣ ዘፈኖቹን ነካ ነካ አደረገ። 

«ጨዋ ልጅ ነበር» አለ በመጨረሻ፣ ስልኩን አስቀምጦ። «ይህቺስ ምንድን ናት?»

«ዘፈን ነው» አለች ጀዋሂር።

ሚሞሪዋን የራሱ ስልክ ውስጥ ከተተና የመጀመሪያውን ከፈተ። ጭብጨባ ያለበት የሰርግ ዘፈን ነበር። መጋዘኑን ሞላው። አዛዡ ጥቂት ሰማና ቀና ብሎ የአዴ ወርቅቱን ጥቁር ቀሚስ፣ ጥቁር ሻሽ፣ ከሻሹ ሥር የሚታየውን የተላጨ ራሳቸውን አየ።

«ልጅሽ ከሞተ ስንት ቀኑ ነው?»

«ዛሬ ዘጠኝ።»

«አባቴ ሲሞት እናቴ ሬዲዮውን ዓመት ሙሉ በጨርቅ ሸፍናው ነበር» አለ። «አንቺ በዘጠኝ ቀንሽ የሰርግ ዘፈን ቋጥረሽ ትዞሪያለሽ?»

ጀዋሂር ያኔ ገባት። ለቅሶ ቤት ዘፈን እንደማይሰማ ቡራዩ ያለ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። እሷ ራሷ ባጫ ሲቀበር የሱቁን ድምፅ ማጉያ ሦስት ቀን ዘግታ ነበር። የስልኩን ቀን ወደ መስከረም መመለስ ያሰበችው ሴት፣ ሚሞሪዋን የምትይዘው እናት ጥቁር መልበሷን አላሰበችም።

«የእኔ ነው» አለች። «ሚሞሪው የእኔ ነው። እሳቸው ያዙልኝ እንጂ።»

«የአንቺ ከሆነ በማን ነጠላ ጫፍ ነው የተቋጠረው?» አለና ሚሞሪዋን አውጥቶ በሁለት ጣቱ አጎበጣት። ቀጭን ድምፅ አሰምታ ለሁለት ተሰበረች። ከሥር ያለውን ሊሰማ እንኳ አልፈለገም።

አዴ ወርቅቱ በጠረጴዛው ላይ ዘለው እጁን ነከሱት። ጥርሳቸው አጥንቱ ላይ እስኪደርስ ነው የነከሱት። አጠገቡ የቆመው ወታደር በሰደፍ አፋቸውን መታቸው፤ ወደቁ። እንደገና መታቸው። ጀዋሂር ልትሸፍናቸው እጇን ዘረጋች፤ ሰደፉ ቀኝ እጇ ላይ አረፈ፣ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ፣ ሁለት ጊዜ። ሁለት ጣቷ ወደማይታጠፍበት ተጣጠፈ። ሕመሙ ቆይቶ ነው የመጣው፤ መጀመሪያ የሰማችው ድምፁን ነው።

አዛዡ እጁን በመሐረብ እየጠቀለለ፦ «ቃሌ ቃል ነው። ልጅሽን ውሰጂ» አላቸው ለአዴ ወርቅቱ፣ አሁንም ድምፁን ሳያነሣ። ዲኖን ከጓዳ አምጥተው ደጅ ላይ ወረወሩት። እናቱ አፋቸው እየደማ በእንብርክክ ሄደው አነሡት። ያበጠው ዓይን ጠፍቷል፤ ልጁ ግን በሕይወት አለ።

«አንቺ ደግሞ ሱቅሽን አሳዪን» አላት ጀዋሂርን።

አምስት ሆነው ሄዱ። ቅዳሜ የገበያ ቀን ስለነበር የህያ ሱቁን ከፍቶ ነበር። ማን እንደሆኑ ሳይጠይቅ ቆመ፤ ሚስቱን እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ሲያያት ወደ እሷ ተራመደ። በሰደፍ ግንባሩን አሉት። ከወደቀ በኋላ በቦት ረገጡት፤ እሱ ሲረገጥ የመስታወቱ ሣጥን በላዩ ላይ ተሰበረ። ኮምፒውተሩን ደጅ አውጥተው በመጥረቢያ ከፈቱት፤ ሀርድ ዲስኩን ድንጋይ ላይ አስቀምጠው በሌላ ድንጋይ ቀጠቀጡት። ጀዋሂር ሱቁ ግድግዳ ተደግፋ አየች። ያ ሁሉ ድምፅ፣ ያ ሁሉ «ኤዬ ሃርሜ»፣ እንደ ተሰበረ ሰሐን መሬት ላይ ተበተነ።

ማታ ጎረቤቶች ቁስላቸውን አጥበው ከሄዱ በኋላ፣ የህያ ራሱ በጨርቅ ተጠምጥሞ ጋደም ባለበት፦

«መጥፎ ቀን አልነበረም እኮ ጠዋቱ» አለ። «ለአሥራ አንድ ሰው ዘፈን ጭኜ ነበር።»

«ከየትኛው?»

«ከምርጡ ነዋ። ከየት ሊሆን ነው?»

ጀዋሂር ቀና አለች። «ሁሉንም?»

«የገባውን ያህል። ሚሞሪያቸው እስኪሞላ። እየመረጠ የሚያስጭን ማን አለ? ምነው?»

የሆነውን ነገረችው። የህያ በክርኑ ተደግፎ ተነሣ። ከዚያ፦ «ወላሂ፣ አንቺ ሸሽገሽ እኔ አደልኩት» አለ።

«እነማን ነበሩ?»

በጣቱ ቆጠረ። ስም የሚያውቀው የለም። ሦስት የሰበታ ፋብሪካ ሴቶች አብረው መጥተው ነበር። አንድ ሱሉልታ የሚሮጥ ቀጭን ልጅ፣ የላብ ልብሱን እንደለበሰ። ሁለት ሚኒባስ ሾፌሮች። ከሰንዳፋ ሽንኩርት ያመጣ ነጋዴ። አንዲት ሙሽራ። ሌሎቹን አያስታውስም፤ የመጨረሻው ግን መለዮ ለባሽ ነበር። ረጋ ያለ ልጅ ነው፤ «ብዙ አድርግልኝ፣ ሌሊት ጥበቃ አለብኝ» ብሎት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጀዋሂር ትፈልጋለች። ጣቶቿ ተጣመው ገጠሙ፤ ወረንጦ የምትይዘው አሁን በግራዋ ነው። ሱቁ ከአራት ወር በኋላ ተከፈተ። የሚመጣውን ደንበኛ ሁሉ፣ ስልኩን ሲሰጣት፦ «ዘፈኖችህን ልይልህ?» ትለዋለች። ሰው ዓይን አውጣነት መስሎት ይስቃል፣ ወይም ይቆጣል። ሾፌሮቹን አገኘቻቸው፤ የአንዱ ስልክ ተሰርቋል፣ የሌላው በታቦት ቀን በፖሊስና በልጆች መካከል በተነሣ ግርግር ተረግጧል። ሙሽራይቱ ወደ ዐረብ አገር ሄዳለች።

በሚያዝያ መጨረሻ አንዲት ሴት ባትሪ ልታስቀይር መጣች። ጣቢታ ትባላለች፤ ከወላይታ መጥታ ሰበታ ጨርቅ ፋብሪካ የምትሠራ ናት።

«ባለፈው ዘፈን የጫንሽልኝ—»

«እኔ ሳልሆን ባሌ ነው።»

«እንግዲያው ለእሱ ንገሪው፤ በዘፈን መሃል መምህር ጨምሮ ሸጦልኛል። ፈረቃ ላይ ሆኜ ስሰማ አንድ ሰው በእንግሊዝኛ ስለ ቅጠል ያስተምረኛል። ጓደኞቼ ‹ዩኒቨርሲቲ ልትገቢ ነው› እያሉ ሳቁብኝ።»

ጀዋሂር በግራ እጇ የያዘችውን ካቻቢቴ አስቀመጠች። «አለ? አሁን አለ?»

«አይ፣ ቦታ አጣሁና አጠፋሁት። የእህቴን ልጅ ክርስትና ልቀርጽ ስል ሞላ አለኝ። ሁለት ነበሩ፤ ሁለቱንም አጠፋሁ።» የጀዋሂርን ፊት ስታይ ድምፅዋ ወረደ። «ምነው እህቴ፣ ምን አጠፋሁ?»

ጀዋሂር ከጠረጴዛዋ ኋላ ወጣች። ክንዷን ይዛ ገበያውን አቋርጣ አዴ ወርቅቱ መደብ አደረሰቻት። አዴ ወርቅቱ የፊት ጥርስ የላቸውም፤ ቅቤውን በቅጠል እየጠቀለሉ ነበር። ጀዋሂር ነገሩን በኦሮምኛ ነገረቻቸው።

አዴ ወርቅቱ ጣቢታን ቀና ብለው አዩዋት። «ምን ይላል?» አሉ።

«እንግሊዝኛ ነው፣ እማማ፤ ብዙውን አልሰማሁትም። ራሱን ሲሰድብ ሰምቼዋለሁ። ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ሴት ትጠራዋለች፣ ከሩቅ። እሱም ይመልስላታል።»

«ምን ብሎ?»

ጣቢታ ኦሮምኛዋ የገበያ ነው፤ አስታውሳ፣ አፏን አስተካክላ፦ «ኤዬ ሃርሜ፣ ዱፌ» አለች።

አዴ ወርቅቱ የያዙትን ቅጠል አላስቀመጡም። «አሁንም በይው» አሉ።

አለችው።

«እሱ ፈጠን ያደርገዋል። አሁንም።»

ጣቢታ እያለቀሰች ፈጠን አድርጋ አለችው። ያን ዕለት ከፈረቃዋ ቀረች። ዛሬም በየወሩ ደመወዝ ሲደርስ ትመጣለች፤ ቅቤ ልትገዛ ነው ትላለች።

ከአሥራ አንዱ ስምንቱ አልተገኙም፤ ከጣቢታ ጋር የመጡት ሁለቱ ሴቶች እንኳ ፋብሪካውን ለቀው የት እንደገቡ አይታወቅም። አዴ ወርቅቱ አርጅተዋል፤ ዲኖ ሱሉልታ አጎቱ ዘንድ በአንድ ዓይኑ ከብት ይጠብቃል፣ የወንድሙ ድምፅ እየጠፋበት እንደሆነ ለጀዋሂር ብቻ ነግሯታል። ስለዚህ በሁለት ሺህ ስምንት፣ በታኅሣሥ፣ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ቡራዩ ገበያ ጫፍ ላይ ሚሞሪ ያስሞላችሁ፣ ወይም ያስሞላ ሰው የምታውቁ፣ ያን ቀን ሌሊት ጥበቃ የነበረብህም ወታደር ብትሆን፣ እባካችሁ የጣላችሁትን አሮጌ ስልክ ከመሳቢያ አውጡና ክፈቱት። በቁጥር ብቻ የተሰየመ፣ ከዘፈን የሚረዝም ነገር ካገኛችሁ እስከ መጨረሻው ስሙት፤ ንባቡ ተቋርጦ ዝም ቢልም አትዝጉት፣ ልጁ ተጠርቶ ሄዶ ነው። ቦታ ቢጠብባችሁ ሌላ ነገር አጥፉ፤ እሱን ግን አምጡላቸው።